ልጆች ቡችላ ከመንገድ አንስተው ሲመጡ



ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የምትጽፉልኝ እናቶችና አባቶች ደጋግማችሁ የምታነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ቃሉ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ዶክተር፣ ልጆቼ ከአርብ ገበያ ሲመለሱ መንገድ ዳር የተጣለ ቡችላ አንስተው መጡ። ትንሿ አቅፋው ካልተኛሁ ትላለች። ላስጥለው ወይስ ይቆይ?»

አጭሩ መልሴ «ይቆይ፣ ግን አቅፋው አትተኛ» ነው። ረጅሙን መልስ ዛሬ ልጻፈው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ብዙ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ወላጅ ነው የማየው። አንደኛው ቡችላውን በእግሩ ብሎ ልጁንም በአለንጋ ያባርራል። ሁለተኛው «ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ነው» ብሎ ይተዋል። ሁለቱም አያዋጡም። ሁለተኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለሚራብና ለሚበርደው እንስሳ የሚያዝን ልጅ መልካም ልጅ ነው፤ ለዚህ አይመታም። ቡችላውን ወስዳችሁ ወንዝ ማዶ ብትጥሉትም ሌላ ልጅ ያነሳዋል። የሌላው ቤት ልጅ ደግሞ የእናንተን ያህል የሚጠይቅ ወላጅ ላይኖረው ይችላል። ደግሞም እኛ ገጠር ውሻ የቅንጦት እንስሳ አይደለም፤ ሌሊት በረት የሚጠብቀው፣ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው፣ እንግዳ ሲደርስ የሚያስታውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ክርክሬ ውሻ አታሳድጉ አይደለም። ያለ ክትባት፣ ያለ ስፍራና ያለ ደንብ አታሳድጉ ነው።

ዋናው ጉዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ሲነክስ፣ ሲቧጭር ወይም የተላጠ ቆዳ፣ ከንፈርና ዓይን ሲልስ ወደ ሰው ይገባል። ከገባ በኋላ ወዲያው በደም አይሰራጭም፤ በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ አንዳንዴ በሳምንታት ያጥራል፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይዘገያል። የሚያሳስተንም ይህ ዝምታ ነው። ቁስሉ ይድናል፣ ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሁሉም ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን ትኩሳት፣ የድሮው ቁስል ቦታ ላይ መንዘር ወይም ማሳከክ፣ ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ሲታነቅ፣ ነፋስ ሲነካው ሲደነግጥ ታያላችሁ። እዚያ ደረጃ ከተደረሰ የትኛውም ሆስፒታል ሄዳችሁ የምናደርግላችሁ ነገር ሥቃዩን ማቅለል ብቻ ነው። ምልክት ካሳየ በኋላ የዳነ ሰው በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው።

በሌላ በኩል ይህን ያህል የሚገድል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል በቀላሉ የሚመከት በሽታ አላውቅም። ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ውስጥ የ9 ዓመቱን ልጅ ጆዜፍ ማይስተርን በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዛሬም በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 10 ሰዎች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ይወዳል፣ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱና አንገቱ ይነከሳል። ፊትና አንገት ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ነው፤ የቫይረሱ መንገድ ያጥራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡችላው። «ትንሽ ቡችላ አያብድም» የሚለውን አባባል ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፤ ስህተት ነው። እናቱ ታማ ከነበረ ወይም ሌላ ውሻ ነክሶት ከነበረ ቡችላም ይታመማል፤ በዚያ በመርፌ በሚመስል ጥርሱ እጅ እያኘከ ያስተላልፋል። «የራሳችን ውሻ ነው፣ ያሳደግነው ነው» የሚለውም እንዲሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ታማኝነቱ እውነት ነው። ቫይረስ ግን ታማኝነት አይቆጥርም። ብዙ ሰው ጤና ጣቢያ ሳይሄድ የሚቀረው የማያውቀው ውሻ ስለነከሰው አይደለም፤ የሚያውቀው ስለነከሰው ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። ያበደ ውሻ ስንል የሚታየን ጅራቱን ወሽቆ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጥ ነው። ይህ አንዱ መልክ ብቻ ነው። ሌላው መልክ ዝምተኛው ነው። ውሻው ጥግ ይይዛል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ባለቤቱ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮበት ነው» ብሎ አፉን ከፍቶ እጁን ይሰዳል። አደራችሁን፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ፤ ልጆቻችሁም አያስገቡ። ልጆች ራቅ ብለው እንዲቆሙ አድርጋችሁ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ቡችላው እንዲቆይ ከወሰናችሁ የመጀመሪያው ሥራ የወረዳችሁ እንስሳት ክሊኒክ መሄድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል። በሬውን ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ክትባት ሲባል ማልዶ ተነስቶ የሚነዳው ገበሬ፣ ውሻው በዚያው መንገድ ተከትሎት መጥቶ ሳይከተብ ይመለሳል። በሬ ንብረት ነው፣ ይገባኛል። ውሻው ግን ከልጆቻችሁ ጋር የሚውለው እሱ ነው። ውሻ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ዕድሜውን የማታውቁት ከሆነ ጥርሱን አይቶ የሚነግራችሁ ባለሙያው ነው፤ በኛ አካባቢ በሽታው ስላለ ከዚያ በታችም ሊከትበው ይችላል። በዚያው የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠው። የክትባቱን ወረቀት ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ትፈልጉታላችሁ።

ክትባቱ ግን ከመንገድ የመጣ ቡችላን በዚያው ቀን ንጹሕ አያደርገውም። ከመምጣቱ በፊት ተነክሶ ከነበረ በሽታው በውስጡ እያደገ ሊሆን ይችላል፤ ሳምንታትና ወራት ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት የራሱ ስፍራ ይኑረው፦ ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው፣ የራሱ ሰሃንና ውሃ ያለው። የሚመግበው አንድ አዋቂ ይሁን። ልጆቹ በአዋቂ ፊት ያዩት፣ ይጥሩት፣ ስም ያውጡለት። ፊታቸውን እንዲልስ፣ አፋቸው ላይ ያለ እንጀራ እንዲቀማ፣ ከነሱ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድም። በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ የዋሁ ተናካሽ ከሆነ ወይም ተጫዋቹ ተደባቂ ከሆነ፣ እሰሩት፣ ልጆቹን አርቁ፣ ለእንስሳት ክሊኒክ አሳውቁ።

ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የውሻን ፊት ማንበብ አይችልም። ውሻ ጥርሱን ሲያሳይ «እየሳቀ ነው» ይላል። ይህ የልጅ ጥፋት አይደለም፤ አንጎሉ ገና ስላልደረሰ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይተዉም፤ «ታላቅ እህቱ አለች» አይበቃም፣ ታላቅ እህቱ የሰባት ዓመት ልጅ ከሆነች። ለትልልቆቹ ግን የሚማሩት ነገር አለ። ውሻ ሲበላ አይነካም። ሲተኛ አይቀሰቀስም። ግልገሎቿን የምታጠባ ውሻ አትቀረብም። ጆሮና ጅራት አይጎተትም። የታሰረ ውሻ በድንጋይ አይወገርም፤ ይህን የምለው ልጆቻችን ውሻ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያነሱት ድንጋይ ስለሆነ ነው፤ የተወገረ ውሻ ደግሞ ልጅን እንደ ጠላት ያውቃል። የማያውቁት ውሻ ቢመጣባቸው አይሩጡ፤ ሩጫ ያባርረዋል። እጃቸውን ወደ ሰውነታቸው ሰብስበው፣ ዓይኑን ሳያፈጡበት፣ እንደ ዛፍ ቆመው ዝም ይበሉ። ከወደቁ ተጠቅልለው ፊታቸውንና አንገታቸውን በክንዳቸው ይሸፍኑ። ይህን እንደ ጨዋታ ደጅ ላይ አለማምዷቸው፤ ይወዱታል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ልጆች ንክሻ ይደብቃሉ።

ለምን ይደብቃሉ? መመታት ስለሚፈሩ ነው። «አትንካው ብዬህ አልነበረም?» የሚለው ቁጣ ስለሚመጣ ነው። ቡችላው ይገደልብኛል ብለው ስለሚፈሩም ነው። ይህ ሦስተኛው ምክንያት በተለይ ቡችላውን ራሳቸው ያመጡት ልጆች ላይ ይበረታል። ልጁ ውሻውን ለማዳን ሲል የራሱን ቁስል በእጅጌው ይሸፍናል። ትንሽ ጭረት ናት፣ ደም እንኳ ብዙ አልወጣም፣ በሦስት ቀን ትደርቃለች። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ውሃ አልጠጣም ሲል «ምን ነካው?» እንላለን፤ ንክሻው ትዝ የሚለው ለታላቅ ወንድሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ እራት ላይ፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን ንገሯቸው፦ «ውሻ ቢነክሳችሁ፣ ቢቧጭራችሁ፣ ቁስላችሁን ቢልስ ወዲያው ንገሩን። አንመታችሁም። አንቆጣም። ውሻውንም አንገድለውም።» ካላችሁ በኋላ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። ልጁ አንድ ጊዜ ነግሯችሁ ከተመታ ሁለተኛ አይነግራችሁም፤ ያየው ወንድሙም አይነግራችሁም። የአባትነት ቁጣ የሚያስፈልግበት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ቦታ ግን ልጅ ያሳጣል።

ልጁ ነገራችሁ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ?

ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ለ15 ደቂቃ። 15 ደቂቃ ሲባል ረጅም ነው፤ አንድ ሰው በጆግ እያፈሰሰ ሌላው እያሸ፣ ጀሪካን ውሃ ይጨርሳል። ውሃ ከሩቅ የምትቀዱ እናቶች ይከብዳችኋል፤ ግን በዚያ ቀን ውሃው ለዚህ ይዋል። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ሳሙና የቫይረሱን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ብዙውን እዚያው ትገድሉታላችሁ። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ቤንዚን፣ የተወቀጠ ቅጠል አታድርጉበት። ጠበቅ አድርጋችሁም አትሸፍኑት።

ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር መሄድ ካስፈለገ ነገ ተነገ ወዲያ አትበሉ። መንገድ በሚዘጋበት ወይም መኪና በሚጠፋበት ጊዜ ዘግይታችሁ ብትደርሱም «አለፈብን» ብላችሁ አትቅሩ፤ ምልክት እስካልታየ ድረስ፣ ሳምንታትም ቢያልፉ፣ ክትባት መጀመር ይጠቅማል። የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል። ንክሻው ከባድ ከሆነ ወይም ፊትና አንገት ላይ ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል፤ በየቦታው አይገኝም፣ ግን ጠይቁ።

ወላጆቻችሁ ስለ መርፌው የነገሯችሁ ታሪክ ሊያስፈራችሁ ይችላል። እውነታቸውን ነው። የድሮው የአገራችን ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በየቀኑ የሚወጋ ነበር፤ ሕመሙም ቀላል አልነበረም። ዘመናዊው ክትባት እንዲያ አይደለም። ትልልቆችን ክንድ ላይ፣ ሕፃናትን ጭን ላይ ይወጋል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይሰጣል፤ እንደ ሁኔታው 28ኛውም ቀን ይጨመራል። እርጉዝ እናትም የምታጠባም ትወስደዋለች። አንዱን ወስዶ «ዳነ» ብሎ መቅረት ግን እንዳልጀመሩት ሊሆን ይችላል። የቀጠሮውን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ስለ ባህል መድኃኒትና ስለ ጠበል ትጠይቁኛላችሁ። በግልጽ ልናገር። ጠበል ሂዱ ወይም አትሂዱ ማለት የኔ ሥራ አይደለም፤ እምነታችሁ ነው። የምለው ክትባቱ ይቅደም ነው፤ ከተከተባችሁ በኋላ ጠበሉ ከክትባቱ ጋር አይጣላም። ቅጠሉን ግን አልመክርም። «እገሌ ቅጠል ጠጥቶ ድኗል» ሲባል እሰማለሁ፤ ላይዋሽ ይችላል። የነከሰ ውሻ ሁሉ የታመመ አይደለም፤ የታመመ ውሻ የነከሰው ሁሉም በሽታው አይይዘውም። ስለዚህ ምንም ሳይጠጣ ይድን የነበረው ሰው ጠጥቶ ሲድን ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ያልዳነው ግን ተመልሶ አይመሰክርም። ቅጠሉን ጠጥተን እንይ እየተባለ የሚያልፈው ሳምንት ነው ልጁን የሚገድለው።

ውሻውስ? ወዲያው አትግደሉት። ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ለ10 ቀን ይጠበቅ፤ ከታመመ ሞቱ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታወቃል። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የሚገኘው በሽታው ሊገለጥበት ጥቂት ቀናት ሲቀረውና ከዚያ በኋላ ስለሆነ ነው ቁጥሩ የተመረጠው። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ቀን ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙ የልጁን ቀሪ ክትባት ሊያስቆም ይችላል። ክትባቱ ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅም፤ አሁን ይጀመራል። በድንጋይ የገደላችሁት ውሻ ይህን መረጃ ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ በሽታ ውጭ በአጭሩ አንድ ሌላ ላንሳ፤ ምክንያቱም በዓል በመጣ ቁጥር የማየው ነው። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ወይም ቅርጫ ሲካፈል ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ይወጣል፤ «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። ያ ውሃ የቋጠረው ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ደጅ አፈር ላይ የሚጫወተው ልጅ በእጁ ወደ አፉ ያስገባዋል። ከዓመታት በኋላ የዚያው ልጅ ጉበት ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። መፍትሔው ገንዘብ አይፈልግም፦ የተበላሸውን ጉበትና ሳንባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ውሻው የሚጸዳዳበትን አጽዱ፣ ልጆቹ ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ለቀበሌና ለወረዳ አመራሮች፣ ይህን ካነበባችሁ፣ አንድ ቃል አለኝ። ባለቤት አልባ ውሾች ሲበዙ መርዝ መበተን በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እኔ እቃወመዋለሁ፤ ለውሻ ስለማዝን ብቻም አይደለም። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይገድላል፤ ባዶ የቀረውን ሰፈር ከሌላ ቦታ የመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይሞሉታል፤ ሥጋውን ልጅ ወይም ሌላ እንስሳ ሊያነሳው ይችላል። በሽታውን የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ ብዙ አገሮች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ዓለም በዚህ በሽታ በውሻ የሚሞት ሰው እ.ኤ.አ. በ2030 እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። የገበያ ቀን ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው፤ ከአንድ ሳምንት በፊት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየትምህርት ቤቱ ተነግሮ ክትባት ቢዘጋጅ ልጆቹ ውሾቻቸውን በገመድ ይዘው ይመጣሉ። ለአንድ ውሻ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ የተነከሰ ልጅ ሙሉ ክትባት ከሚወጣው በብዙ ያንሳል፤ ልጁን ይዞ ደብረ ታቦር ለመመላለስ የሚወጣው ትራንስፖርትና የሚባክነው የሥራ ቀን ሳይቆጠር።

እና «ትንሿ አቅፋው ካልተኛሁ ትላለች» ላላችሁኝ፦ ተከትቦና የትል መድኃኒት ወስዶ፣ ወራት አልፈውት፣ ጠባዩ ከታወቀም በኋላ አልጋ ላይ አይውጣ። ቁንጫውም ጭርቱም ከሱ ጋር ይወጣል። ደጃፉ ላይ አሮጌ ጆንያ አንጥፉለት፤ ማታ ማታ እናንተ እያያችሁ ደህና እደር ትበለው፣ እጇን ታጥባ ትግባ።